መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው ውሃ



«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» እያሉ አባቶቻችን ይተርታሉ። በእውነትም ጨው በአገራችን እጅግ የተከበረ ነገር ነበር። ከአፋር ምድር ተጠርቦ በግመል ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ በየገበያው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። እኔ ግን በዚህ አነስተኛ ጽሑፌ የምናገረው ስለዚያ ስለ ተከበረው ጨው አይደለም። የምናገረው ማንም ሳይጠራው ወደ እርሻ ገብቶ፣ ቀስ በቀስ ተከማችቶ፣ በመጨረሻ ባለ እርሻውን ከመሬቱ ስለሚያስለቅቀው ጨው ነው።

ይህን ርእስ የመረጥኩት ከመጽሐፍ አንብቤ ስለ ወደድኩት ብቻ አይደለም። ነገሩ በቤተ ዘመዴ ላይ ደርሶ በዓይኔ ስላየሁት፣ ይልቁንም በገዛ እጄ ስላባባስኩት ነው። ስለዚህ አስቀድሜ የሆነውን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ምክንያቱንና መድኃኒቱን በተቻለኝ መጠን ላስረዳ።

አጎቴ በወጣትነታቸው ከወሎ ወደ አዋሽ ሸለቆ ወርደው በአንድ ትልቅ የጥጥ እርሻ ውስጥ ውሃ አጠጪ ሆነው ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ዛሬ ግን በአፋር ክልል በአሚባራ ወረዳ፣ ከመልካ ወረር ብዙም ሳይርቅ፣ ግማሽ ሄክታር በምትሆን መሬት ላይ ሽንኩርት ያለማሉ። መሬቷ የአንድ የአፋር ቤተ ሰብ ይዞታ ናት፤ አጎቴ ጉልበቱንና ዘሩን ያወጣሉ፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። እንግዲህ ከዚያች ግማሽ ሄክታር ሁለት ቤተ ሰብ ይበላል ማለት ነው።

የዛሬ አራት ዓመት በጥር ወር መጨረሻ፣ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ወደ እርሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ሽንኩርቱ ቁመቱ አጭር፣ የቅጠሉም ጫፍ እሳት እንደ ላሰው ሁሉ የደረቀ ነበር። በቀትር ጊዜ ሲጠወልግ አይቼ «ጋሼ፣ ይኸ ሽንኩርት ውሃ ጠምቶታል» አልኳቸው። እርሳቸውም በማግሥቱ ወደ ከተማ የሚሄዱበት ጉዳይ ስለ ነበራቸው የውሃውን ተራ ለእኔ አደራ ሰጡኝ። እኔም ታማኝነቴን ለማሳየት ብዬ ቦዩን ከፍቼ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ለቀቅሁበት። ሲነጋ እርሻው ሐይቅ መስሎ ነበር፤ እኔም መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ውሃው ከመጠጠ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የመደቡ ጀርባ ሁሉ ነጭ ሆነ። አጎቴ እንደ ተናገሩት፣ በወሎ ደጋ ማለዳ አመዳይ የወረደበት መስክ ይመስል ነበር። በጣቴ ነክቼ ብቀምሰው ጨው ነው። ሽንኩርቱም ከማገገም ይልቅ ይብሱን ቢጫ ሆኖ ወደቀ። አጎቴ አልተቆጡኝም። እፍኝ አፈር አንሥተው በመዳፋቸው እያፈረሱ «ልጄ፣ ይህን ነጭ ነገር አውቀዋለሁ። በጥጡ እርሻም መጀመሪያ የታየን ይኸው ነበር፤ ኋላ ያን ሁሉ መሬት ጥለነው ወጣን» አሉ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፤ የአዋሽን ውሃ እኛም ከብቱም እንጠጣዋለን። ጨው ጨው አይልም። ታዲያ ይህ ሁሉ ጨው ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። ዕረፍቴ አልቆ ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ጥያቄውን ይዤ ተመለስኩ። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህሮቻችን በትዕግሥት ረድተውኝ፣ ያገኘሁትንም መጽሐፍ ሁሉ አንብቤ፣ መልሱን የተረዳሁት በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። እነሆ ለእናንተ አቀርባለሁ።

ጨዉ ከየት ይመጣል?

በዓለም ላይ ካለው የወንዝ ውሃ ሁሉ ፈጽሞ ጨው የሌለበት የለም። ዝናም ከሰማይ ሲወርድ ከጨው ነፃ ሊባል ይቻላል፤ ነገር ግን በድንጋይና በአፈር ላይ ሲፈስ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና የመሳሰሉትን ማዕድናት እያሟሟ ይወስዳል። ምላሳችን የማያውቀው መጠኑ ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 300 ሚሊ ግራም የሟሟ ጨው አለ እንበል። ይህ ለመጠጥም ለመስኖም መልካም የሚባል ውሃ ነው። በአንድ ኩብ ሜትር ውስጥ 300 ግራም ይሆናል። በቆላ አገር አንድ ሄክታር መሬት በዓመት ውስጥ በጠቅላላው የአንድ ሜትር ከፍታ ያህል ውሃ ቢጠጣ 10,000 ኩብ ሜትር ነው። እንግዲህ 10,000 በ300 ግራም ቢባዛ 3,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 30 ኩንታል ጨው ይሆናል። ለአጎቴ ግማሽ ሄክታር 15 ኩንታል መሆኑ ነው። አንድ ገበሬ በአህያ እየጫነ በየዓመቱ 15 ኩንታል ጨው በእርሻው ላይ ሲበትን ብናየው እብድ ነው እንለዋለን። በቦይ ሲመጣ ግን ማንም አያየውም።

ይህ ሁሉ ጨው ወዴት ይሄዳል? ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፤ ጨዉን ግን አታተነውም። ተክሉም ውሃውን በሥሩ ስቦ በቅጠሉ ወደ አየር ይሰደዋል፤ ከጨዉ የሚወስደው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከፊሉ እንደ ኖራ ሆኖ በአፈሩ ውስጥ ይረጋል። የቀረው ከአፈሩ ጋር ይቆያል። ድስት ላይ ሾርባ ጥደን ውሃው ሲመነምን ጨዉ እየበረታ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የእርሻውም አፈር በየዓመቱ እየጨወ ይሄዳል። ስለዚህ ለአጎቴ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ ጨዉን ያመጣው ያው የምንጠጣው መልካም ውሃ ነው።

በደጋ አገር ይህ ነገር ብዙ አያስጨንቅም። ክረምት ሲገባ ብርቱ ዝናም እየወረደ አፈሩን ያጥበዋል፤ ጨዉም ወደ ታች ወርዶ ከወንዝ ጋር ይሄዳል። በመካከለኛው አዋሽ ግን በዓመት የሚዘንበው ዝናም ከ600 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ ፀሐይና ነፋስ ሊያተኑት የሚችሉት ውሃ ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ዝናሙ አፈሩን ሊያጥብ ቀርቶ ጥሙንም አይቆርጥለትም።

ተክሉ በውሃ መካከል ቆሞ ለምን ይጠማል?

ሽንኩርቱ የጠወለገው ውሃ አጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ውሃው በሥሩ ነበረ። ይህ እንደ እንቆቅልሽ ይመስላል። እናቶቻችን ቋንጣ ሲያዘጋጁ ሥጋውን ዘልዝለው ጨው ይነሰንሱበታል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሥጋው ውስጥ ውሃ ሲወጣ እናያለን። ጨው ውሃን ወደ ራሱ ይስባልና። ሳይንስ ይህን ኦስሞሲስ ይለዋል። የተክል ሥር ከአፈር ውሃ የሚስበው በሥሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአፈር ውስጥ ካለው ውሃ ይልቅ የሟሟ ነገር ስለሚበዛበት ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው ጨው በበረታ ቁጥር ግን ተክሉ ውሃውን ለመሳብ ብዙ ይደክማል፤ ከልኩ ሲያልፍም መሳብ ይሳነዋል። ከዚህም በላይ ሶዲየምና ክሎሪን በቅጠሉ ውስጥ ሲከማቹ ጫፉን ያቃጥሉታል። እኔ ጥም ነው ያልኩት በሽታ ይህ ነበር።

ሁሉም ተክል አንድ ዓይነት ትዕግሥት የለውም። የአፈር ጨው የሚለካው ከረጠበው አፈር ተጣርቶ የሚወጣው ውሃ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት ኃይል ሲሆን፣ መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። ልኩ ከ4 በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ተብሎ ይጠራል። የቦሎቄ ምርት ገና ከ1.0 ጀምሮ ይቀንሳል፤ ሽንኩርት ከ1.2፣ በቆሎ ከ1.7፣ ቲማቲም ከ2.5 ጀምሮ ይጎዳሉ። ስንዴ እስከ 6.0፣ ማሽላ እስከ 6.8፣ ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8.0 ይታገሣሉ። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አጎቴ የተከሉት ጨው ከማይችሉት አንዱን መሆኑን አስተውሉ። ጥጥ ሽሽቱን የጀመረበት አገር ሽንኩርት እንዴት ሊቆም ይችላል?

ከታች የሚመጣው ጠላት

እስካሁን የተናገርኩት ከላይ ስለሚመጣው ጨው ነው። ነገር ግን እኔ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ከለቀቅሁ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ የወጣው ያ ሁሉ ነጭ ነገር የዚያ ሌሊት ውሃ ብቻ ያመጣው ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው መልስ ያለው ከእግራችን በታች ነው።

ከመሬት በታች ውሃ እንዳለ ጕድጓድ የቆፈረ ሁሉ ያውቃል። ለመስኖ የምንለቀው ውሃ በሙሉ በተክል አይጠጣም፤ ከቦዩም ይሰርጋል፣ ከእርሻውም ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ታች የወረደው መውጫ ካላገኘ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ያደርገዋል። ውሃው ከላይኛው አፈር ሁለት ሜትር ያህል ሲቀርብ አዲስ ነገር ይሆናል። የኩራዝ ክር ጋዙን ከሥር ወደ ላይ እንደሚስብ፣ አፈሩም በቀጫጭን ቀዳዳዎቹ ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል። ውሃው ፀሐይ ስትነካው ይተናል፤ በውስጡ የነበረው ጨው ግን በመሬቱ ገጽ ላይ ይቀራል። ኩራዙ ሌት ከቀን ይበራል፤ የሚጨርሰው ግን ጋዝ ሳይሆን እርሻውን ነው።

በአሚባራ የሆነውም ይኸው ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ. ም. ከተመረቀና የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ. ም. ከተቋቋመ በኋላ በሸለቆው ውስጥ ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች እየተስፋፉ ሄዱ። በመካከለኛው አዋሽም መልካ ሰዲና መልካ ወረር የጥጥ አገር ሆኑ። ሥራው ሲጀመር በዚያ አካባቢ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከ10 ሜትር በላይ ጥልቅ ነበር። ይሁን እንጂ ውሃ የሚያስገባው ቦይ ሲቆፈር፣ ውሃ የሚያስወጣው አብሮ በበቂ አልተቆፈረም። በ1970ዎቹ ውስጥ ውሃው በብዙ ቦታ ከ2 ሜትር ወደ አነሰ ጥልቀት ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ መሬት ነጭ ሆኖ ተተወ፤ በተተወውም ላይ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ወርሮት ዛሬ ከብትም የማያልፍበት ጫካ የሆነ ቦታ አለ።

ይህን ሳነብ የአጎቴ ወሬ ትዝ አለኝ። ጥጡን ጥለው የወጡበት ምክንያት የመሬቱ እርግማን አልነበረም፤ መውጫ ያልተሰጠው ውሃ ነበር።

በሁለት ጣሳ የተደረገ ፈተና

ያነበብኩትን በዓይኔ ለማየት ስለ ፈለግሁ ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን ግቢ አንድ ትንሽ ፈተና አደረግሁ። ሁለት ባዶ የቲማቲም ጣሳ አግኝቼ አንዱን ከሥሩ በምስማር ብዙ ቦታ በሳሁት፤ ሁለተኛውን እንዳለ ተውኩት። በሁለቱም ውስጥ እኩል አፈር ሞልቼ ቦሎቄ ዘራሁ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ግራም የገበታ ጨው አሟሙቼ ሁለቱንም በእኩል መጠን አጠጣኋቸው። የተበሳው ጣሳ ጥቂት ጥቂት እያንጠባጠበ ትርፉን እንዲያወጣ ውሃውን ሁልጊዜ በትንሹ አትረፍርፌ እሰጥ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልዩነት አልታየም፤ እንዲያውም ያልተበሳው ጣሳ ቦሎቄ ይበልጥ የለመለመ ይመስል ነበር፤ ጓደኞቼም «ጣሳህን በከንቱ በሳኸው» ብለው ሳቁብኝ። ከወር በኋላ ግን ያልተበሳው ጣሳ ቅጠሎቹ ከዳር እየደረቁ ሄዱ፤ በአፈሩም ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ። የተበሳው ግን ብርቱ ባይሆንም አበባ እስኪያወጣ ድረስ ቆመ። ውሃው አንድ፣ ጨዉ አንድ፣ አፈሩ አንድ ነበር። ልዩነቱ ጥቂት የምስማር ቀዳዳ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የሳቀብኝ የለም።

የጥንት ሰዎች ምስክርነት

ይህ መከራ በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል፣ ዛሬ ኢራቅ በሚባለው አገር ደቡብ፣ የሱመር ሰዎች ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት በመስኖ ያርሱ ነበር። ቶርኪልድ ጃኮብሰንና ሮበርት አዳምስ የተባሉ ሊቃውንት እ. ኤ. አ. በ1958 ባሳተሙት ጥናት፣ በጥንት ዘመን ስንዴና ገብስ በእኩል ይዘሩ እንደ ነበር፣ በየዘመኑ ግን ስንዴው እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ በደቡቡ አገር ገብስ ብቻ እንደ ቀረ ገልጸዋል። ገብስ ከስንዴ ይልቅ ጨው እንደሚችል ከላይ ተናግሬአለሁ። የሱመር ከተሞች የወደቁት በዚህ ምክንያት ነው ወይስ በሌላ የሚለውን ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ጨው አፈራቸውን እንደ ጎዳው ግን የታወቀ ነው። ጽሕፈትን ለዓለም ያስተማረ ሕዝብ በዚህ ነገር ከተቸገረ እኛ ልንታበይ አይገባንም።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ፊተኛውና ዋነኛው መድኃኒት ማጠንፈፊያ ቦይ ነው። ከእርሻው ዝቅ ባለው ወገን፣ ከተክሉ ሥር የጠለቀ ቦይ ተቆፍሮ ትርፉ ውሃ ወጥቶ የሚሄድበት መንገድ ማግኘት አለበት። በትልልቅ እርሻዎች ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች ከመሬት በታች ይቀበራሉ። በመልካ ወረር የምርምር እርሻ ላይ ይህ ተሞክሮ የከርሰ ምድሩ ውሃ እንደ ወረደና ጨዉም እንደ ታጠበ ታይቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ በሩቅ አገር ያለ ሳይሆን በዚያው በሰፈራችን የተፈተነ ነው።

ሁለተኛው አፈሩን ማጠብ ነው። መውጫ ከተዘጋጀ በኋላ ለተክሉ ከሚያስፈልገው በላይ ጥቂት ውሃ በልክ ቢጨመር ጨዉን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። የሚጨመረው መጠን በሒሳብ ይገኛል። የተክሉን የትዕግሥት ልክ በ5 እናበዛለን፤ ከዚያ ላይ የመስኖውን ውሃ ልክ እንቀንሳለን፤ በተገኘው ቍጥር የመስኖውን ውሃ ልክ እናካፍላለን። የውሃው ልክ 0.5 ቢሆንና ሽንኩርት ብንተክል፣ 1.2 በ5 ሲባዛ 6 ነው፤ 0.5 ሲቀነስ 5.5 ይቀራል፤ 0.5 ለ5.5 ሲካፈል ከመቶ 9 ያህል ይሆናል። እንግዲህ ለሽንኩርት ከምንሰጠው ውሃ ዐሥር እጅ አንዱን ለማይሞላ ለእጥበት መተው ይበቃል ማለት ነው። ለጥጥ ግን ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። ይህ ደኅናውን መሬት ደኅና አድርጎ ለማቆየት ነው። አስቀድሞ የጨወውን ለማጠብ ግን ብዙ ውሃ ያስፈልጋል፤ የአንድ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር ከጨዉ አብዛኛውን ለማስለቀቅ የአንድ ሜትር ከፍታ ያህል ውሃ ይፈጃል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መውጫ ሳይኖር አጥባለሁ ብሎ ውሃ የሚያበዛ ሰው እኔ ያደረግሁትን ያደርጋል። የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አድርጎ የሚሸሸውን ጨው ወደ ቤቱ ይጠራዋል።

ሦስተኛው ውሃን መቆጠብ ነው። መሬቱን አስተካክሎ ማለስለስ፣ ቦዩ እንዳያሰርግ በሲሚንቶ ወይም በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ማልበስ፣ ፈሩን አሳጥሮ ውሃው ከላይ እስከ ታች በእኩል እንዲዳረስ ማድረግ፣ በሌሊት ቦይ ከፍቶ አለመተኛት ነው። ያልሰረገ ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ አያሳድግም። ጐርባጣ መሬት ላይ ጨዉ ከፍ ባለው ቦታ ይሰበሰባልና ማስተካከል ከሁሉ የሚቀድም ርካሽ ሥራ ነው።

አራተኛው አፈሩን ለይቶ ማወቅ ነው። ጨዋማ አፈር ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሶዲየም ስለሚበዛበት የአፈሩ ቅንጣት ይበታተንና ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ውሃም አያሳልፍም። ይህን ለመለየት ጥቂት አፈር በብርጭቆ ውስጥ ከዝናም ውሃ ጋር በጥብጦ ማስቀመጥ ጥቂት ይረዳል። ውሃው ቶሎ ከጠራ አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየም ያልበዛበት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንደ ደፈረሰ ከዋለ ግን ሶዲየም ያስጠረጥራል፤ እርግጡን የሚነግረው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። እንዲህ ያለው አፈር በውሃ ብቻ አይድንም። ጀሶ ተፈጭቶ ሲጨመርበት በጀሶው ውስጥ ያለው ካልሲየም የሶዲየሙን ቦታ ይይዝና ሶዲየሙ ከውሃ ጋር ታጥቦ ይወጣል። ፍግና ገለባም አፈሩን ያላላሉ፤ ገለባውም በላይ ቢነጠፍ ትነቱን ይቀንሳል።

አምስተኛው ተክልን ከመሬቱ ጋር ማስማማት ነው። ጨው በበዛበት ማዕዘን ሽንኩርት ከመትከል ይልቅ ጥጥ፣ ማሽላ ወይም እንደ ሮደስ ሣር ያለ ጨው የሚችል የከብት መኖ ማብቀል ይሻላል። ይህ ግን ጊዜ መግዣ እንጂ መዳኛ አይደለም። የሱመር ሰዎችም ስንዴውን ትተው ገብስ ዘርተው ነበር።

አንድ ነገር መርሳት የለብንም። ከእርሻችን ያስወጣነው ጨዋማ ውሃ ወደ አንድ ቦታ መሄዱ አይቀርም። ወደ አዋሽ ከገባ፣ በታች በዱብቲና በአሳይታ ያሉ ሰዎች ይቀበሉታል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል፤ የያዘውንም ጨው የሚደፋበት ውቅያኖስ የለውም። የእኛ መውጫ የሌላው መግቢያ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ውሃን መቆጠብ፣ የሚወጣውንም መለካት ጐረቤትን ማክበር ነው።

የአጎቴ መሬት መጨረሻ

ባለፈው ዓመት ክረምት ይህን ሁሉ ይዤ ወደ አጎቴ ሄድኩ። እርሳቸው ግን ተስፋ ቆርጠው ዕቃቸውን ሸጠው ወደ ወሎ ለመመለስ አስበው ነበር። ሒሳቡን በመሬት ላይ በዕንጨት እየጻፍኩ አስረዳኋቸው። «15 ኩንታል በየዓመቱ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝና ረዥም ጊዜ ቦዩን ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያም ተነሥተው ከእርሻው በታች ወዳለው እሾህ ወሰዱኝ። በዚያ ውስጥ በድሮ ጊዜ የተቆፈረ፣ በደለልና በሣር የተደፈነ አንድ የማጠንፈፊያ ቦይ ነበር። አጎቴ በወጣትነታቸው በየዓመቱ ይጠርጉት ነበር፤ እርሻው ሲተው ግን የሚጠርገው ጠፋ። «እኛ ይህን እንደ ቆሻሻ ማፍሰሻ እንጂ እንደ መድኃኒት አላየነውም» አሉኝ።

ለባለ መሬቱና ለጐረቤቶቹ ነገሩ ተነግሮ በደቦ ተሠራ። ዘጠኝ ሰዎች በዶማና በአካፋ ለዐሥራ ሁለት ቀን ቆፍረን አሮጌውን ቦይ ጠረግን፤ ከአጎቴም እርሻ ወደ እርሱ የሚገባ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ቦይ አወጣን። መዳፌ ቆስሎ ነበር፤ ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ከቦዩ ግድግዳ ጥቁር ውሃ ሲንጠባጠብ ባየሁ ጊዜ የተበሳው ጣሳዬ ትዝ አለኝ።

ሁሉ ነገር ዳነ ብዬ አላጋንንም። ዘንድሮ ከእርሻው የላይኛው ግማሽ ደኅና ሽንኩርት ተገኘ፤ መካከሉ ጥቂት ሰጠ፤ ዝቅተኛው ማዕዘን አሁንም ነጭ ነው። በእርሱ ላይ ሮደስ ሣር ተዘርቶ ለባለ መሬቱ ከብቶች መኖ ሆኗል። አጎቴም ዕቃቸውን አልሸጡም። «አንድ ዓመት ደግሞ ልየው» ብለዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ ዛሬ አገራችን በቆላው ስንዴና ሌላም እህል በመስኖ ለማምረት ትደክማለች። ይህ የሚያስደስት ነው። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ ወይም ገበሬ የሚሆኑ ብዙዎች ናቸው። አዲስ ቦይ ተመርቆ ውሃው ሲለቀቅ ሁላችንም እናጨበጭባለን። ከጭብጨባው በኋላ ግን ከመካከላችን አንድ ሰው ወደ እርሻው ታችኛው ጫፍ ሄዶ «መውጫውስ የት አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችንም ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ሲያገኙ ያዳምጡት ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።